ጎመንዘር (ሬፕሲድ) ዘርቶ ዘይት ማውጣት፦ መጀመሪያ በእጃችሁ ያለው ዘር የምን ዘይት እንደሆነ እወቁ

አንድ እፍኝ የጎመንዘር ዘር መዳፋችሁ ላይ አድርጉና እዩት። ድቡልቡል ነው። ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። ከሰናፍጭ ብዙም አይለይም። ይህ እፍኝ የምግብ ዘይት ይውጣው ወይስ የማሽን ዘይት፣ በማየት አታውቁትም። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ መንታ ናቸው። ስለዚህ ስለ አፈርና ማዳበሪያ ከማውራታችን በፊት ዘሩን እንነጋገርበት። ዘሩን ለመረዳት ደግሞ ትንሽ ታሪክ ውስጥ መግባታችን አይቀርም። ታሪክ የሚሰለቻችሁ ሰዎች ታገሱኝ፣ የዚህ ተክል ታሪክ ስትዘሩም ስትጨምቁም የሚጠቅማችሁ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ያምታታል

ሬፕ የሚለው ስም የመጣው ከላቲን ነው፤ ራፑም ማለት ተርኒፕ ነው፣ ሥሩ የሚበላ የጎመን ዘመድ። ነገሩ ዝምድናን ይጠቁማል። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚመረተው ብራሲካ ናፑስ የሚባለው ዝርያ ሲሆን፣ የተርኒፕና የጥቅል ጎመን ዘመዶች ተዳቅለው የወለዱት ነው። ይህን ያስረዳው ከኮሪያዊ አባትና ከጃፓናዊት እናት የተወለደው ተመራማሪ ናጋሃሩ ኡ ሲሆን ጊዜው 1935 ነው። ስሌቱ የልጅ ሂሳብ ይመስላል። የተርኒፕ ወገን 20 ክሮሞዞም አለው፣ የጥቅል ጎመን ወገን 18፣ ሲደመር 38። የናፑስ ቁጥር ልክ 38 ነው። ጥቁር ሰናፍጭ (16) ከጥቅል ጎመን ወገን (18) ጋር ሲዳቀል ደግሞ 34 ይመጣል፤ እሱ ብራሲካ ካሪናታ ነው። በአማርኛ ጎመንዘር ስንል ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለዚህኛው ነው።

ታዲያ ለሚዘራ ሰው ይህ ምን ያደርግለታል? ብዙ። ጎመንዘር ተብሎ የተሰጣችሁ ከረጢት ውስጥ ናፑስ፣ ራፓ (የተርኒፕ ወገኑ) ወይም ካሪናታ ሊሆን ይችላል። ራፓ ቶሎ ይደርሳል። ካሪናታ ሲደርቅ ቶሎ አይረግፍም፣ ግን የተለመዱት ዝርያዎቹ ዘይት ኢሩሲክ አሲድ የሚባለው፣ ለምግብ የማይፈለግ ቅባት ይበዛበታል። ናፑስ ምርቱ ከፍ ይላል፣ ሆኖም በደንብ ካልጠበቃችሁት መሬት ላይ ይዘረገፋል። የዝርያውን ስም ሳትጠይቁ ዘር አትቀበሉ።

ከፋኖስ እስከ ድስት

የዚህ ቤተሰብ የዘይት ዘሮች እስያ ውስጥ ለሺህ ዓመታት ሲዘሩ ኖረዋል። አውሮፓ ውስጥ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሰፊው የታወቀበት ሥራ ምግብ ሳይሆን መብራት ነበር። 1800 ላይ ካርሴል የሚባል ፈረንሳዊ ሰዓት ሠሪ አንድ ፋኖስ ሠራ። ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ በክሩ ወደ ላይ መውጣት ይከብደዋል፤ ሰውየው የሰዓት ማርሽ ከፋኖሱ ሥር ገጠመና ዘይቱን ወደ ላይ እንዲገፋው አደረገ። የፋኖሱ ብርሃን በጣም የተረጋጋ ስለነበር ፈረንሳዮች የብርሃን መለኪያ አደረጉት። በሰዓት 42 ግራም የጎመንዘር ዘይት የሚያቃጥል ፋኖስ ብርሃኑ አንድ ካርሴል ተባለ። የባሕር ዳርቻ መብራት ቤቶችም ይህንኑ ዘይት ያነዱ ነበር። ከዚያ የድንጋይ ዘይት ወጣና ላምባ ገበያውን ነጠቀው።

ተክሉን ያዳነው የእንፋሎት ሞተር ነው። ሌላ ቅባት ውሃና እንፋሎት ሲነካው ታጥቦ ይሄዳል። የጎመንዘር ዘይት ግን እርጥብ ብረት ላይ ሙጭጭ ይላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጣው ዘይት ሲቋረጥ ካናዳ ለመርከብ ሞተሮች ብላ በብዛት መዝራት ጀመረች። ጦርነቱ አለቀ፣ እንፋሎቱም በናፍጣ ተተካ፣ ገበሬው ገበያ ያጣ ዘር ይዞ ቀረ። ሰው ይብላው ተባለ። ችግሩ ታዲያ፣ ያን ጊዜ የነበረው ዘይት ግማሽ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ኢሩሲክ አሲድ ነበር፣ አይጦች ላይ ሲሞከርም ልባቸው ላይ ስብ ሲጠራቀም ታየ። የተረፈው ፋጉሎ ደግሞ ግሉኮሲኖሌት የሚባል የሚያቃጥልና የሚመር ነገር ስላለበት ከብቶች በደስታ አይበሉትም፣ ሲበዛባቸውም የአንገታቸውን ዕጢ (ታይሮይድ) ይጎዳል።

እዚህ ላይ ነው የምወደው የታሪኩ ክፍል። ዘይቱን ለመመርመር ዘሩን መጨፍለቅ ያስፈልጋል። ከጨፈለቃችሁት ደግሞ አይበቅልም። ጥሩውን ዘር አገኛችሁት ማለት ገደላችሁት ማለት ነው። ካናዳዊው ኪት ዳውኒና ባልደረባው በ1960ዎቹ መጀመሪያ አንድ ብልሃት አመጡ። ዘሩን ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፉታል፣ ሲለሰልስ የውጭኛዋን ክክ ብቻ ቆርጠው ያነሳሉ፣ እሷ ለምርመራ ትሄዳለች፤ የውስጠኛዋ ክክ ከነሥሯ ትዘራለች። የዘሩ ጠቅላላ ክብደት 4 ሚሊግራም አካባቢ መሆኑን አትርሱ! በዚህ ዓይነት ሥራ ኢሩሲክ አሲዱ የቀነሰው ኦሮ የሚባል ዝርያ በ1968 ወጣ። በ1974 ደግሞ ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ባልዱር ስቴፋንሰን ሁለቱም መጥፎ ነገሮች የቀነሱበትን ታወር የተባለውን ዝርያ አወጣ። በ1978 ካኖላ የሚል ስም ወጣለት። ዛሬ በካኖላ መመዘኛ በዘይቱ ውስጥ ያለው ኢሩሲክ አሲድ ከ2 በመቶ በታች፣ በፋጉሎው ውስጥ ያለው ግሉኮሲኖሌት በግራም ከ30 ማይክሮሞል በታች መሆን አለበት።

እንግዲህ ዘር ስትገዙ የምትጠይቁት ይህንን ነው። ለምግብ ከሆነ ካኖላ ወይም ሁለቱም የቀነሱበት ተብሎ የተረጋገጠ ዘር። ለማሽን ቅባት ከሆነ ኢሩሲክ አሲዱ ከፍ ያለ። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ፣ አትቀላቅሉ። ጎረቤት የሰጣችሁን የማይታወቅ ዘር ለምግብ ዘይት አትዝሩ። ያመረታችሁትንም እንደገና ስትዘሩ ጠንቀቅ በሉ፤ ናፑስ በአብዛኛው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ቢሆንም ከጎረቤት ማሳ በንብና በነፋስ የሚቀበለው የአበባ ብናኝ ቀላል አይደለም። ራፓ ደግሞ ጭራሽ ከሌላ ተክል ብናኝ ካላገኘ በደንብ አያፈራም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ቀለም የተቀባ ዘር ከሆነ መድኃኒት አለበት። ከዘራችሁት የተረፈው ወደ መጭመቂያ አይሄድም፣ ለዶሮም አይሰጥም።

መሬቱና መዝራቱ

ውሃ የሚቋጥር መሬት አይስማማውም። የአፈሩ ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያው) ከ6 እስከ 7 ቢሆን ጥሩ ነው። በጣም ኮምጣጣ አፈር ላይ ሥሩን የሚያሳብጥ በሽታ ይገባበታል፣ የበሽታው ዘር አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሚቆይ አንዴ ከገባ ቶሎ አይለቅም። ኖራ መጨመር ይረዳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ማፈራረቅ ነው። ጎመንዘር ከዘራችሁበት መሬት ላይ ቢያንስ ለ3 ዓመት ጎመንዘርም፣ ሰናፍጭም፣ ጥቅል ጎመንም አትዝሩ። ስንዴ፣ ገብስ፣ አተር ይግቡበት።

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ እንደ አውሮፓ ባለ አገር በመከር ተዘርቶ ክረምቱን በብርድ አሳልፎ በሚቀጥለው በጋ የሚታጨድ ነው፤ ይህ ብርድ ካላየ አያብብም። ሌላው ብርድ የማይፈልግ፣ በ3 ወር ተኩል አካባቢ የሚደርስ ነው። ብርዱ ጠንከር ያለ ክረምት የሌለበት ቦታ የመጀመሪያውን ዓይነት ከዘራችሁ፣ የሚያምር ቅጠል ታያላችሁ፣ አበባ ግን የለም።

ዘሩ ትንሽ ነው ብያለሁ። ስለዚህ አፈሩ ደቀቅ ያለ፣ ከላይ ግን ጠቅጠቅ ያለ ይሁን፤ በእግር ስትረግጡት ጫማችሁ ብዙ የማይሰምጥበት ዓይነት። ጥልቀቱ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ነው። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ እንደ ባቄላ ጣቴን አስገብቼ ቀበርኩትና ሁለት ሳምንት ባዶ መሬት ስጠብቅ ከረምኩ። ከ4 ሚሊግራም ዘር ውስጥ ያለው ስንቅ ከዚያ ጥልቀት አያወጣውም። ከዚያ በኋላ የጥፍሬን ርዝመት መለኪያ አደረግኩ።

መጠኑን በትንሽ ማሳ እንየው። 10 ሜትር በ10 ሜትር መሬት አለቻችሁ እንበል። በሄክታር 5 ኪሎ ከተዘራ ለእናንተ የሚደርሰው 50 ግራም ብቻ ነው። 50 ግራም ውስጥ ወደ 12,500 ዘሮች አሉ፣ በካሬ ሜትር 125 ማለት ነው። ግማሹ ቢበቅል ይበቃችኋል፣ እንዲያውም በካሬ ሜትር ከ50 እስከ 80 ተክል ሸጋ ነው። ይህችን ያህል ዘር በእጅ እኩል መበተን ስለሚያስቸግር ከደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅላችሁ፣ ግማሹን በአንድ አቅጣጫ፣ ግማሹን ደግሞ አቋርጣችሁ በትኑት። መስመር የምታወጡ ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር አራርቁ።

ምግቡ

ጎመንዘር ሆዳም ነው። ናይትሮጅን ይወዳል፣ እሱን ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው ድኝ ነው። ይህ ቤተሰብ ያንን የሰናፍጭ ጠረኑን የሚሠራው በድኝ ነው፣ ስለዚህ ከእህል ሰብሎች ይበልጥ ይፈልገዋል። ዩሪያ ብቻ እየበተናችሁ ድኝ ከሌለ ተክሉ ይባስ ይታመማል። እንዴት ትለያላችሁ? የታችኛው አሮጌ ቅጠል ቀድሞ ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅን አጥሯል። የላይኛው አዲስ ቅጠል ገርጥቶ እንደ ማንኪያ ከተቆለመመና አበባው ነጣ ካለ ድኝ አጥሯል። ለሁለተኛው አሞኒየም ሰልፌት የሚባለው ድኝ ያለበት ማዳበሪያ ቶሎ ይደርስለታል። በደንብ የበሰበሰ ፍግ ከዘር በፊት ከተጨመረ ሁለቱንም ያግዛል።

ጠላቶቹ

አደገኛው ጊዜ ገና ሲበቅል ያሉት 3 ሳምንታት ናቸው። ቁንጫ ጥንዚዛ የምትባል፣ ስትነኳት እንደ ቁንጫ የምትፈናጠር ጥቁር ነፍሳት አለች፤ ሁለቱን የመጀመሪያ ቅጠሎች እንደ ወንፊት ትበሳሳቸዋለች። ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብላችሁ እዩ። ትንሽ ቀዳዳ ምንም አይደለም፣ ሩብ የሚሆነው ቅጠል ከተበላ ግን ዝም አትበሉ። አውሮፓ ውስጥ ንቦችን ይጎዳሉ የተባሉ ሦስት የፀረ ተባይ መድኃኒቶች በ2013 የጎመንዘር ዘር ላይ እንዳይቀቡ፣ በ2018 ደግሞ ከቤት ውጭ ጭራሽ እንዳይሠራባቸው ከታገዱ በኋላ ብዙ ገበሬዎች በዚችው ጥንዚዛ ምክንያት ጎመንዘር መዝራት ትተዋል። በትንሽ ማሳ ላይ ቀላሉ ዘዴ እርጥበት ባለበት ጊዜ ዘርቶ ተክሉ በፍጥነት እንዲያልፋት ማድረግ ነው። አራት እውነተኛ ቅጠል ካወጣ በኋላ ብዙም አያሳስብም። በኋላ ክሽክሽና ግንድ የሚያበሰብስ ሻጋታ ይመጣሉ። ሻጋታው የሚወደው የታፈነ ማሳ ነው፣ ስለዚህ አታጭቁት።

ሲያብብ

ማሳው አንድ ላይ ቢጫ ሲሆን ዓይን ያጠግባል። እዚህ ጊዜ ምንም አትርጩ፣ የግድ ከሆነም ንቦች ቀፏቸው ከገቡ በኋላ አመሻሽ ላይ። ንብ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ልብ በሉ፤ የጎመንዘር ማር ግሉኮስ ስለሚበዛበት እሰፈፉ ውስጥ እንዳለ ቶሎ ይረጋል። ከረጋ በኋላ ማውጣት ትግል ነው። አበባው ማለቅ ሲጀምር ቆርጣችሁ አውጡ። ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ከተጠጋ አበባው ፍሬ ሳይዝ ይረግፋል፣ ስለዚህ የመዝሪያ ጊዜ ስታስቡ አበባው የትኛው ወር ላይ እንደሚውል ወደኋላ ቁጠሩ።

ማጨድ፣ ብዙ ሰው የሚከስርበት

ጎመንዘር ከታች ወደ ላይ ነው የሚደርሰው። የታችኛው ቆባ ሲደርቅ የላይኛው ገና አረንጓዴ ነው። ሁሉም እስኪደርቅ ከጠበቃችሁ የታችኛው ተፈንቅሎ ዘሩን ለአፈር ይሰጠዋል። ቸኩላችሁ ካጨዳችሁ ደግሞ አረንጓዴው ዘር ዘይቱን አረንጓዴ ያደርገዋል፣ እንዲህ ያለ ዘይት ቶሎ ይበላሻል።

መሃል ቦታውን እንዲህ ፈልጉት። ከማሳው አምስት ስድስት ቦታ ተክል ምረጡ። ከዋናው ግንድ ከታች፣ ከመሃልና ከላይ ቆባ ፈልቅቁ። ዘሩን በሁለት ጣት ተጫኑት። ከታች ያለው ጥቁርና ጠንካራ ይሆናል። የመሃሉ በከፊል ቡናማ ይሆናል። የላይኛው አረንጓዴ ቢሆንም በጣት ስታሽከረክሩት ሳይፈርጥ የሚንከባለል መሆን አለበት። ከዋናው ግንድ ዘር 60 በመቶ ያህሉ ቀለም ከቀየረ ቀኑ ነው። ጠዋት ጤዛ ሳይለቅ እጨዱ፣ ቆባው በእርጥበት ስለሚለሰልስ አይዘረገፍም። ሸራ ላይ ከምራችሁ ከሳምንት እስከ 10 ቀን ይድረቅ። ከዚያ በዱላ ውቁ፣ አንፍሱ፣ በወንፊት አጥሩ። ሸራውን አትርሱ፤ ይህ ዘር ጠባብ ስንጥቅ ካገኘ እንደ ውሃ ይፈሳል።

ከማስቀመጣችሁ በፊት እርጥበቱ ወደ 8 በመቶ ይውረድ። የቅባት እህል እርጥብ ሆኖ ከተከመረ ራሱን ያሞቃል፣ ይሻግታል። መለኪያ ከሌላችሁ በስስ ዘርግታችሁ ደጋግማችሁ አድርቁ፣ ከተከመረ በኋላም በየቀኑ እጃችሁን እስከ ክንድ ድረስ አስገቡና ሙቀት ካለ ገልብጡት።

መጭመቅና መጠቀም

ዘሩ ከ40 እስከ 45 በመቶ ዘይት ነው። ትንሽ የእጅ ወይም የኤሌክትሪክ ጠመዝማዛ መጭመቂያ ግን ሁሉንም አያወጣም፤ ከክብደቱ አንድ ሦስተኛ ካገኛችሁ ጎበዝ ናችሁ። በሄክታር 20 ኩንታል ቢሰጥ ከ100 ካሬ ሜትሯ 20 ኪሎ ዘር ታገኛላችሁ፣ ከእሱ 6 ወይም 7 ኪሎ ዘይት። ትልልቅ ፋብሪካዎች የቀረውን ሄክሴን በሚባል ዘይት በሚያሟሟ ፈሳሽ አጥበው ያወጡታል፤ እሱን ቤት ውስጥ በጭራሽ አትሞክሩት፣ ይፈነዳል።

ዘሩን ቀዝቃዛም ሙቅም ሳይሆን የክፍል ሙቀት ላይ እያለ፣ ቀስ እያላችሁ አስገቡት። የሚወጣው ዘይት ደፍረስ ያለ ነው። ረጅም ዕቃ ውስጥ ለሳምንት አስቀምጡት፣ ዝቃጩ ይወርዳል፣ የጠራውን ቀስ ብላችሁ በጨርቅ አጥሉት። ጥቁር ጠርሙስ፣ ጨለማ ቦታ፣ እስከ አፉ የተሞላ። ከካኖላ ዘር ከሆነ 60 በመቶ ያህሉ ኦሌይክ አሲድ የሚባል ፈሳሽ ቅባት ነው፣ ጠጣሩ ስብ 7 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ያልተጣራ ስለሆነ ኃይለኛ እሳት አይስማማውም፤ ለሰላጣና ለስላስ ላለ እሳት ተጠቀሙበት።

ኢሩሲክ አሲዱ ከፍ ያለውን ደግሞ የእንጨት መቁረጫ ሰንሰለት ላይ ተጠቀሙት፣ አፈር ላይ ቢንጠባጠብ ይበሰብሳል። በነገራችን ላይ አዲስ ፌስታል በሁለት ጣት ስታሹት ተንሸራቶ የሚከፈተው ብዙ ጊዜ ከኢሩሲክ አሲድ በተሠራ ነገር ምክንያት ነው። ባዮዲዝልም (ከዘይት የሚሠራ ናፍጣ) ይሠራበታል፤ ግን ለዚያ የሚያስፈልገው ሜታኖል የሚባል አልኮል መርዝና ተቀጣጣይ ስለሆነ የማድ ቤት ሥራ አይደለም። ዘይቱን እንዳለ ናፍጣ ሞተር ውስጥ መገልበጥም አያዋጣም፣ ስለሚወፍር የሞተሩን የነዳጅ መርጫ አፍንጫ ይደፍነዋል።

የማሽኑንና የምግቡን ጠርሙስ ለዩ፣ ጻፉባቸው። 1981 ስፔን ውስጥ ለኢንዱስትሪ ተብሎ አኒሊን የሚባል ኬሚካል የተጨመረበት የጎመንዘር ዘይት የምግብ ዘይት ተብሎ ተሸጠና ወደ 20,000 ሰው ታመመ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞቱ። ለኢንዱስትሪ የተባለ ዘይት፣ ምንም ቢጣራ፣ ድስት ውስጥ አይገባም።

ፋጉሎውን አትጣሉ። አንድ ሦስተኛው ፕሮቲን ነው። ከካኖላ የወጣው ለላምም ለበግም ይሆናል። ለዶሮ ግን በልኩ ስጡ፤ ቡናማ እንቁላል የሚጥሉ አንዳንድ ዶሮዎች ሲበዛባቸው እንቁላላቸው ዓሣ ዓሣ ይላል። ከድሮው ዓይነት ዘር የወጣው ፋጉሎ ከሆነ መሬት ውስጥ ማዳበሪያ አድርጉት።

አሁን ወደ ማሳው ተመለሱ። ምንም ብትጠነቀቁ ዘር ረግፏል። የብዙ ሰው እጅ ወዲያው ማረሻ ይይዛል፣ ይህ ትልቁ ስህተት ነው። ዘሩ ደረቅ ጨለማ አፈር ውስጥ ሲገባ ይተኛል፣ ለብዙ ዓመታትም አልፎ አልፎ እየነቃ ይበቅላል። ማሳውን ሳትነኩ ሁለት ሦስት ሳምንት ተዉት። ላይ ላዩን የቀረው ዝናብ ሲነካው ይበቅላል፣ ያን ጊዜ አርማችሁ ጨርሱት። በተለይ ዘንድሮ የማሽኑን ዓይነት ዘርታችሁ ከጥቂት ዓመት በኋላ እዚያው ላይ የምግቡን ልትዘሩ ካሰባችሁ፣ ከተኛው ዘር የሚበቅለው ከአዲሱ ጋር አብሮ ያብባል፣ አብሮ ይታጨዳል፣ ከረጢቱ ውስጥም ሲገቡ ሁለቱን የሚለይ ዓይን የለም።